ላባን የሚያነሳው ብረት

ጥቅምት 4

ለእህቴ ለላባ፣

እንደምን ከረምሽ? ባልሽስ? እኔ ደህና ነኝ። ጽሕፈቱን አይተሽ «ይሄ የማን እጅ ነው?» እንዳትዪ። ቀኝ እጄን ቆርቆሮ ቆርጦኝ ነው፤ ከወርክሾፑ አጠገብ የምትሠራ ልብስ ሰፊ አለች፣ እስኪሽር ድረስ እሷ ትጽፍልኛለች። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ቀስ ብለህ ተናገር እያለች ትቆጣኛለች እንጂ ክፉ ሰው አይደለችም።

ደህና ሁኚ ሳልልሽ በመሄዴ ተቀይመሽኛል። ብትቀየሚም ልክ ነሽ። ዘጠኝ ዓመት በባልሽ የምትሃት ትርኢት ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ በማሽኑ አየር ላይ ሳነሳሽና ሳወርድሽ ኖሬ፣ አንድ ጠዋት የመሣሪያ ሳጥኔን አንጠልጥዬ መውጣቴ ለሰሚውም አያምርም። ግን ባልሽ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «በማጉያ መነጽር ፈልጌ ያጣሁትን ስንጥቅ አንተ ከየት አመጣኸው?» ካለኝ በኋላ እዚያ መቆየት አልቻልኩም።

ስንጥቁ በትክክል የት ጋ ነው ላልሽው፣ አንገቱ ላይ ነው፣ ሁለተኛው እጥፋት አካባቢ። ፀጉር ብታህል ነው። አንዳንዴ ትታያለች፣ አንዳንዴ አትታይም። ያን ቀን አየር ላይ ሳለሽ ስንዝር ያህል ዘጭ ያልሽው በሷ ነው። ከዚህ በላይ በደብዳቤ ለማስረዳት ያስቸግራል።

ማሽኑን አሁን የሚይዘው የጭነት መኪናችን ሾፌር መሆኑን ስሰማ ሳቅሁም፣ ደነገጥሁም። ሥራውን ጻፍልኝ ስላልሽ ከሀ ልጀምርለት። አንብቢለት።

አንቺ የምትተኚው ሳንቃ ላይ ነው። በገላሽ ልክ ስለተቀረጸ ከቀሚሱ ሥር አይታይም። ከሳንቃው ወገብ አንድ ወፍራም ብረት ይነሳል፤ አንገት የምንለው እሱን ነው። አንገቱ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ አይሄድም፤ መጀመሪያ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ነው በጥቁሩ መጋረጃ ክፍተት የሚወጣው። ከመጋረጃው ኋላ በሁለት ቋሚ ሐዲዶች መሃል የምትወጣና የምትወርድ ጋሪ አለች፤ እሷ ላይ ታስሯል። ከጋሪዋ የተነሳው የብረት ገመድ በላይኛው ፑሊ ዞሮ በሌላው ጫፉ ሚዛኖች ይሸከማል። የሳንቃውን፣ የአንገቱንና የጋሪዋን ክብደት ቋሚው ሚዛን ችሎታል። የሚቀረው ያንቺ ብቻ ነው። ባለ አሥር ኪሎው ሚዛን አምስት ሲሆን ካንቺ ጋር እኩል ይሆናል፤ ያኔ የሚያነሳሽ ጉልበት አይደለም፣ እጀታውን በሁለት ጣት ማዞር ይበቃል። ገመዱ ላይ የኖራ ምልክት አለ። ምልክቱ ፑሊው ሥር ሲደርስ ይቁም።

ባልሽ ከፊትሽ የሚቆመው ሊያምርበት እንዳልሆነም ይወቅ። ብረቱ ከመጋረጃው የሚወጣበትን ቦታ በካባው ሊጋርድ ነው። ትልቁን ቀለበት በገላሽ ዙሪያ ሁለት ጊዜ የሚያሳልፈውም ለተመልካች ደስታ አይደለም። በመጀመሪያው ማለፍ ብረቱ ቀለበቱ ውስጥ ይቀራል፤ በእጥፋቱ አዙሮ እንደገና ሲያሳልፈው ብረቱ ይወጣል። ሰው ግን ሁለቴ በባዶ አየር ያለፈ ይመስለዋል። ስለዚህ ቀለበቱ ሳይወጣ እጀታውን እንዳይነካ።

ስንት ሚዛን ላይ እንደሚሠራ ጻፊልኝ። ሐዲዱን በየሳምንቱ ግራሶ ይቀባው።

ክፍሌ እናታችን ስትሞት እንደተወችው ነው። አልጋዋን አላነሳሁትም፤ የት አደርገዋለሁ?

ወንድምሽ

---

ኅዳር 10

ለጋሼ፣

ደብዳቤህ ሁለት ከተማ ተከትሎን ነው የደረሰኝ። ሰላም ነኝ፣ አታስብ። እጅህ ዳነ? ሥራስ አለ? ማንስ ይጠይቅሃል? ለልብስ ሰፊዋ ምስጋናዬን ንገርልኝ፤ ፊደሏ ካንተ ፊደል በስንት ጣዕሙ ይነበባል።

ማስታወሻህን ለሾፌሩ አነበብኩለት። ሦስት ጊዜ «አሃ!» አለ፣ ከዚያ መኪናውን እንደሚነዳው ነዳኝ። ሊያነሳኝ ሲል ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ልማድ ሆኖበታል። ባለፈው ሳምንት ፊት ረድፍ ላይ የተቀመጠች ሴትዮ «መንፈሱ ጉንፋን ይዞታል» ብላ አዳራሹን በሙሉ አሳቀችው። ባለቤቴ ፊቱ እንዴት እንደነበር አንተው ገምተው።

አሁንም ተናዶብኝ ይሆን ብለህ ታስባለህ መሰለኝ። ስምህን አያነሳም። ግን ሾፌሩ በርጩማህ ላይ ሊቀመጥ ሲል «ሌላ ፈልግ» አለው። ሾፌሩ አሁን የቀለም ቆርቆሮ ገልብጦ ነው የሚቀመጠው።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ድሮ አየር ላይ ስሆን የማስበው ምን እንደነበር ታውቃለህ? ራት። ምን እንብላ፣ የት እንብላ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሰዉ ትንፋሹን ውጦ፣ እኔ ስለ ራት አስብ ነበር። አሁን ጆሮዬ ጀርባዬ ውስጥ ገብቷል። ብረቱ ቅጭ ባለ ቁጥር «መጣች» እላለሁ። ስወርድ ባለቤቴ ለተመልካቹ እጅ ልንነሳ እጁን ሲዘረጋልኝ ቆዳዬ ቀዝቃዛ መሆኑን ያውቃል፤ የመድረኩ ንፋስ ነው እለዋለሁ። ስንጥቅ የለም ብሎ ያምናልና ከሱ ጋር ማውራት አልችልም። ካንተ ጋር እንዳላወራ አንተ የለህም።

የያዝነው ክፍል አንድ መስኮት አለው፣ መስኮቱ ደግሞ ፊት ለፊት ግድግዳ ነው የሚያየው። ቀኑን ሙሉ እሱ ሥር ተቀምጬ ዋልኩ።

ሚዛኑን ጠይቀሃል። አምስቱ አሥር አሥሮች፣ ላያቸው ላይ ደግሞ ትንሿ ባለ ሁለት ኪሎ። ከብዶኛል ብሎ ሾፌሩ ነው የጨመራት። ምግቡ ተስማምቶኝ ነው መሰለኝ።

እህትህ

---

ኅዳር 26

ለላባ፣

እጄ እየሻረ ነው። ልብስ ሰፊዋ መጻፉን ስለለመደችው አላስጥላትም ብዬ ነው። ሥራ አለ ወይ ላልሽው፣ አለ፣ አለ። የግቢ በር፣ የመስኮት ብረት፣ እንዲህ እንዲያ።

ማን ይጠይቅሃል ብለሻል። ሰው መች ይጠፋል። ጠዋት ወርክሾፑን ከፍቼ በሩ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሰው ያልፋል፣ ሰላም ይለኛል። ከሰዓት ልብስ ሰፊዋ ክር ሲያልቅባት ትመጣለች። ዝናብ ሲዘንብ ቆርቆሮው ስለሚጮህ የሚያወራኝ ያለ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልምጣ። ከተቆጣሽ ተቆጪ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አምስት ሚዛን ነሽ። ብትጠግቢ፣ ብትራቢ፣ ብትታመሚ ለውጡ ግማሽ ኪሎ አይሞላም፣ እጀታው ላይ አውቀዋለሁ። ባለ ሁለት ኪሎዋን ያነሳሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። መጀመሪያ የዛሬ አምስት ዓመት፣ ቀጥሎ የዛሬ ሦስት ዓመት። ሁለት ጊዜ ጨመርኩ፣ ሁለት ጊዜ መልሼ አወረድኩ። ስታወርዳት ለምን ዝም አልክ እንዳትዪኝ፤ አንቺ ዝም ስትዪ እኔ ምን ብዬ ልጠይቅ? ያን ጊዜ ሚዛኗን ጨርቅ ጠቅልዬ ሳጥኑ ሥር ነው የከተትኳት፤ ሾፌሩ ቆፍሮ ማውጣቱ ነው።

እህቴ፣ ምግቡ አይደለም የተስማማሽ። የጠረጠርኩት ከሆነ ከሳንቃው ላይ ውረጂ። ዛሬውኑ ውረጂ። ያንን ማሽን አንድ ሰው እንዲያነሳ ነው የሠራሁት።

ወንድምሽ

---

ታኅሣሥ 9

ጋሼ፣

ደብዳቤህን መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነው ያነበብኩት። ካነበብኩ በኋላ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ውጪ የምትጠብቅ ሴት ነበረች፣ በሩን እየመታች «ልጄ፣ ሆድሽን ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። አልዋሸሁም።

አራተኛ ወሬን ልይዝ ነው። ቀሚሴን በጎኑ አስፍቼዋለሁ። ከሐኪሟና ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም። አዎ፣ አባቱም አያውቅም። ለምን ብትለኝ፣ ያለፈው ጊዜ ምን እንዳደረገ አላየህም። በጋዜጣ ወረቀት የሕፃን አልጋ ሠርቶ ነበር፣ ሞዴል፣ እንዲህ ይሁን እያለ። ልጁ ሳይወለድ ሲቀርብን ወረቀቱን ቀስ ብሎ አጣጥፎ ካባው ኪስ ውስጥ ከተተው፤ አሁንም እዚያ አለ። ሦስተኛ ጊዜ ያን ፊት ማየት አልችልም። አምስት ወር ይሙላልኝና ራሴ እነግረዋለሁ።

ውረጂ ብለኸኛል። ውል የገባንባቸው አዳራሾች እስከ ጥር መጨረሻ አሉ፤ ምክንያት ሳልናገር እንዴት እወርዳለሁ? ደግሞ ሥራዬ ተኝቶ መነሳት ነው። ለነፍሰ ጡር ከዚህ የተሻለ ሥራ ካለ ንገረኝ። ሳቅ እንጂ!

የምትደሰትበትን ነገር ልንገርህ። ስለ ስንጥቁ ባለቤቴን ነዝንዤ ነዝንዤ ልቡን አራራሁት። «ለሱ ብዬ ሳይሆን ላንቺ እንቅልፍ ብዬ» አለ። ቀጥለን የምንሄድበት ከተማ ትልቅ ጋራዥ አለ፤ አንገቱን ታኅሣሥ 20 ወስደን እጥፋቱን ዙሪያውን በብየዳ እናስጠነክረዋለን። ከዚያ በኋላ እንደ ድሮዬ ስለ ራት አስባለሁ።

እጅህ ግን ከሁለት ወር በላይ የማይድነው ምን ዓይነት ቁስል ነው? እውነቱን ንገረኝ።

እህትህ

---

ታኅሣሥ 17

እህቴ፣

ሰላምታውን ተዪው። ከሁሉ በፊት ይህን አንብቢ፦ አንገቱን እሳት እንዳታስነኩት። ብረቱ ጤነኛ ነው። ስንጥቅ የለበትም። ኖሮበትም አያውቅም።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር «ብየዳው ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ትንሽ ቆዩ» ብዬ ልናገር ነበር። ልብስ ሰፊዋ እስክርቢቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ምነው?» አልኳት።

«ይቺን አልጽፍም።»

«ለምን?»

«እጅህ ቆስሏል ብዬ ጽፌያለሁ። በር ትሠራለህ ብዬ ጽፌያለሁ። አሁን ግን ልጅቷ ነፍሰ ጡር ናት። መዋሸት ካማረህ በራስህ እጅ ጻፍ።»

በራሴ እጅ መጻፍ እንደማልችል ታውቃለች። ከዚያ «ጻፊ» አልኳት፤ ይኸው እየጻፈች ነው።

ዓይኔ ነው። ሁለት ዓመት አልፎታል። መሃሉ ላይ ሳንቲም የሚያህል ጥቁር ነገር ተቀምጧል፤ የማየው ነገር ላይ ሁሉ እሱ ይጋረጣል። ዳር ዳሩ ይታየኛል። ፊት ግን አይታየኝም፣ ፊደል አይታየኝም። «ብልጭታውን ለምጄዋለሁ» እያልኩ ያለ መከላከያ ስበይድ የኖርኩበት ዋጋ ነው። ከመጋረጃው ኋላ ጨለማ ስለሆነና ሥራውንም እጄ ስለሚያውቀው ማንም አልነቃብኝም። የኖራውን ምልክት አንገቴን አጣምሜ በጎን ነበር የማየው።

ያን ቀን ምልክቱን አላየሁትም። አልፎኝ ሄዶ ጋሪዋ የላይኛውን መቆሚያ ስትመታ ደንግጬ እጀታውን ለቀቅሁት። ሚዛኑ ባይዝሽ ኖሮ ስንዝር ብቻ አትወርጂም ነበር። ሰዉ የትርኢቱ አካል መስሎት አጨበጨበ። ባልሽ ወደ ኋላ ሮጦ መጥቶ «ምን ሆነ?» ሲለኝ አፌ ላይ የመጣው ቃል «ብረቱ» የሚለው ነው። ከዚያ በኋላ ቃሉ ወደ ወሰደኝ ሄድኩ። ስንጥቅ አልኩ። እሱ ፈልጎ ሲያጣ ተሰደብኩ ብዬ ተቆጣሁ። ቁጣውን ተደግፌ ወጣሁ።

ለምን አልነገርከኝም ትያለሽ። እናታችን ስትተኛ አራት ዓመት ያገላበጥሻት አንቺ ነሽ። ሁለተኛ በሽተኛ ልሆንብሽ አልፈለግኩም። ይሄ ግማሹ ነው። ግማሹ ደግሞ አፍሬ ነው።

ብየዳውን ለምን እንደምፈራው ለባልሽ አስረጂው። አንገቱን የሠራሁት ከአሮጌ የጭነት መኪና አክስል ነው። ቀይ አድርጌ፣ ቀጥቅጬ፣ አጥፌ፣ ሁለት ቀን አመድ ውስጥ ቀብሬ ነው ያቀዘቀዝኩት። አንድም ብየዳ የለበትም። እንዲህ ያለ ብረት ላይ የብየዳ እሳት በድንገት ካረፈበትና በድንገት ከቀዘቀዘ፣ የብየዳው ጎን እንደ ሸክላ ይደርቃል። ላዩን ስታዪው ያምራል። ሲጫኑት ይሰበራል።

በፖስታ አልላክሁትም። ወደ እናንተ ለሚሄደው አውቶቡስ ረዳት ሰጥቼዋለሁ፣ አዳራሹ ድረስ እንዲያደርስልኝ።

ወንድምሽ

---

ጥር 2

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህ ታኅሣሥ 22 ጠዋት ደረሰኝ። ብረቱ ጋራዥ ደርሶ የተመለሰው ታኅሣሥ 21 ነው። ደብዳቤህ በደረሰኝ ቀን ከሰዓት በኋላ ትርኢት ነበረን።

ተጎዳሽ ወይ ብለህ ሦስት ቴሌግራም ልከሃል። አልተጎዳሁም። ሕፃኑም ደህና ነው። ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው ልታውቀው ስለሚገባህ ነው።

ባለቤቴ መድረኩ ላይ ቀለበቱን እየወለወለ ነበር። ደብዳቤውን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ብረቱ አልነበረም።

«ስንተኛ ወርሽ ነው?»

«አራተኛዬ።»

«ወንድምሽ እንዴት አወቀ?»

«ከሚዛኑ።»

«እኔ በየቀኑ በእነዚህ እጆቼ ነው የማስተኛሽ» አለ። ሾፌሩን ጠርቶ ከረጢቶች አሸዋ አስሞላና ሳንቃው ላይ በእኔ ቦታ አስተኛቸው፣ ሃምሳ አምስት ኪሎ። «አንሳ» አለው። ሾፌሩ አነሳ፣ አወረደ። ደህና ነበር። እንደገና። ደህና ነበር። እኔ ወንበሮቹ መሃል ተቀምጬ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ያን ነገር ከፊት ሆኜ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

በሦስተኛው ሰማሁት። ብየዳው አልተላቀቀም፤ አጠገቡ ያለው ነው የተሰበረው፣ አንተ እንዳልከው። ከረጢቶቹ ወድቀው ፈነዱ። ባለቤቴ አሸዋው ውስጥ ቁጭ አለ፣ በካባው፣ በጫማው፣ እንዲሁ።

ደብዳቤህ አዳነኝ ልበል? ያንተ ቃል ነው ብረቱን ጋራዥ የወሰደው። ጤነኛ ብረት ነበር። እኔ ነኝ የነዘነዝኩት፣ አንተን አምኜ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ስልሳ አንድ ጊዜ ተነስቻለሁ፤ ቆጥሬያለሁ። ስልሳ አንድ ጊዜ ተኝቼ ሞቴን ስጠብቅ፣ ልጅ ይዤ፣ ስንጥቅ በሌለው ብረት ላይ። አንድ መስመር ትበቃኝ ነበር። «ዓይኔ ነው» ብለህ አንድ መስመር።

በሽተኛ ልሆንብሽ አልፈለግኩም ብለሃል። ማን ጠየቀህ? እናቴን ስላስታመምኩ የተጸጸትኩ መስሎህ ነው?

እኔ እስክጽፍልህ አትጻፍልኝ።

---

የካቲት 11

ለእህቴ፣

አትጻፍልኝ ብለሻል። ልብስ ሰፊዋም አስታውሳኛለች። ልትመልሺልኝ አይደለም የምጽፈው፤ ብታነቢውም ባታነቢውም በአንቺ ፈቃድ ነው።

ይቅርታ ልለምን ተቀምጬ ነበር። ቃሎቹን ስሰማቸው ሁሉም ስለ እኔ ሆኑብኝ፤ አፍሬ፣ ፈርቼ፣ አዝኜ። ስለዚህ ተውኳቸው። ያደረግኩት ልክ አልነበረም። በመጀመሪያው ደብዳቤ ዋሸሁሽ፣ ፍርሃትሽን ካወቅኩ በኋላ በጻፍኩት ደግሞ ዝም አልኩ። ይኸው ነው።

ዳግመኛ እንዳልዋሽሽ ያለሁበትን ልንገርሽ። ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረው ግን ሊቆይ ይችላል ብሎኛል። ወርክሾፑን ዘግቻለሁ። አሁን የምሠራው አንድ የብረታ ብረት ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው። የተደባለቀ ቡሎንና ዳዶ በሣጥን ያመጡልኛል፤ እኔ እየዳሰስኩ ጥርሱንና ውፍረቱን እለያለሁ። ባለሱቁ መጀመሪያ አላመነኝም፣ በመለኪያ እየለካ ተከታተለኝ። አሁን መለኪያውን ትቶታል። ጓዳው መስኮት የለውም፤ ለኔ ግድ የለም።

ምሳ ሰዓት ላይ ከሌሎቹ ጋር እቀመጣለሁ። ሲስቁ እስቃለሁ። ምን እንዳሳቃቸው ግን ብዙ ጊዜ አላይም።

ለባልሽ ይድረሰው፦ ስንጥቅ የለም ያለው ልክ ነበር።

ወንድምሽ

---

ሚያዝያ 20

ለላባ፣

ወርሽ ገፍቷል፤ በጣቴ ስቆጥር ነው የምውለው። ልብስ ሰፊዋ ከተረፋት ጨርቅ ትንሽ ነገር ሰፍታለች፣ «ልላከው» «አትላኪው» ስንባባል ከረምን። «ለሕፃኑ ነው፣ ከኔ ነው፣ አንተ ምን አገባህ?» ብላ ራሷ ላከችው። ከደረሰሽ የሷ ነው፣ መልስ አይጠይቅም።

እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስትወልጂ በደህና መገላገልሽን በማንም አፍ አስነግሪኝ። ሌላ አያስፈልገኝም።

የእናታችንን አልጋ ፈታሁት። ቡሎኖቹ ዝገው ነበር፣ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ድምፄ ያስተጋባል። እስካሁን እንዲያ እንደሚያስተጋባ አላውቅም ነበር፤ ለካ ለብቻዬ ተናግሬ አላውቅም።

ወንድምሽ

---

ሰኔ 8

ጋሼ፣

ይህን የምጽፈው በወፍራም የማስታወቂያ ቀለም ነው፤ ባለቤቴ የትርኢት ማስታወቂያ የሚጽፍበት። ፊደሎቹን እንደ እንቁላል አሳድጌያቸዋለሁ። ዳር ዳሩ ይታየኛል ስላልክ፣ ለማንም ሳትሰጥ ራስህ አንብበው። ሁለት ቀን ቢፈጅብህም አንብበው። ወረቀት ስለሚፈጅ አሳጥራለሁ።

ሴት ናት። ግንቦት 24 ተወለደች። ጤነኛ ናት፣ ትጮሃለች። የልብስ ሰፊዋን ሸሚዝ ለብሳለች።

ባለቤቴ ማሽኑን በትኖታል። አሁን በካርታና በሳንቲም ነው የሚሠራው፣ በትንንሽ ክፍሎች፣ ሰዉ አጠገቡ ተቀምጦ። ከድሮው የተሻለ ይስቃል። መንገድ ትተናል፤ አንድ ቤት፣ ሁለት ክፍል ተከራይተናል።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልዋሽህም። ውሸት በኛ ቤት ይብቃ። ሌሊት ስነሳ አሁንም አንዳንዴ የብረቱ ድምፅ ይመጣብኛል፣ ያኔ እጠላሃለሁ። ጠዋት ስነሳ ደግሞ ልጄን ሊያያት የሚገባው ሰው አንተ ነህ እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

ሁለተኛው ክፍል ባዶ ነው። ለመኖር ወይም ለመጠየቅ አላልኩም፤ ና ነው ያልኩት። የቀረውን ስትመጣ እንጣላበታለን።

እህትህ

---

ሰኔ 15

እህቴ፣

አነበብኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ለጥፌ፣ አንገቴን አጣምሜ፣ ፊደል በፊደል። ልብስ ሰፊዋ ልርዳህ ስትለኝ እንቢ አልኳት፤ «ሴት ናት» የሚለው ጋ ስደርስ ግን ጠርቼ ነገርኳት። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ይህንንም ያለሷ እጅ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ መስመሩ መስመር ላይ ወጣብኝ።

እመጣለሁ። ሐሙስ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ አውቶቡሱ ላይ ታሳፍረኛለች፣ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ግድም መናኸሪያችሁ እደርሳለሁ። ልትቆጪኝ ያሰብሽውን ሁሉ ይዘሽ ጠብቂኝ፤ አንዱንም አትተዪልኝ።

አንድ ነገር ብቻ። ከአውቶቡስ ስወርድ እጅሽን አታውለብልቢልኝ። ሰው ሁሉ እጁን የሚያውለበልብልኝ ይመስለኛል፣ ወደየትኛው እንደምሄድ አላውቅም። ቀርበሽ በስሜ ጥሪኝ።

ወንድምሽ